ይሄ የማን ሀ ነው?

ሻርጃ፣ ከሮላ ጀርባ፣ ከጎማ ቤቱ በላይ፣
አንዲት ክፍል ነበረችን፣ መስኮቷ ሰማይ የማያይ፤
መጋረጃዋ አቧራ፣ ፊት ለፊቷ ግድግዳ፤
በኤሲው ጠብታ ነበር ያጸዳነው ሰሌዳ።

ከዚያ በፊት ግን እኔ የህንዶቹን ትምህርት ቤት
ዘጠኝ ዓመት ጠርጌያለሁ፣ አርባ ክፍል ያለበት።
ከጎኑ የፓኪስታን፣ ወዲያ ማዶ የፊሊፒን፤
ሁሉም በር አለው የራሱ፣ ሁሉም ደወልና ዘበኛ፤
ጠዋት አውቶቡሱ ሲያራግፍ የየአገሩን ሕፃን፣
በዓይኔ ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ የሚቆም የለም የኛ።

መጥረጊያዬን ተደግፌ፣ በር ሥር ቆሜ ስሰማ፣
በማላያላም ሲቆጥሩ፣ በአንድ ድምፅ፣ በዜማ፣
ሳይታወቀኝ በቃሌ ያዝኩት፣ እስከ መቶ ድረስ፤
ደሞዝ ለመፈረም ግን አውራ ጣቴን ቀለም ሳርስ።

የጦይባ ልጅ ነጂማ ናት ነገሩን ያመጣችው።
ከባቲ አጎቷ ደውሎ፣ ስልኩን ለናቷ ሰጠችው፤
"ምን እያለኝ ነው?" አለቻት፣ በጠራ አረብኛ።
አጎቷ ደግሞ በመስመሩ፣ "ማናት ይቺ መንገደኛ?"
ጦይባ ስልኩን ዘግታ ሰሃን ታጥብ ጀመር፤
የታጠበ ሰሃን።

መካሻ፣ ያ የመለዋወጫ ሱቅ ሒሳብ ሠራተኛ፣
"አርብ አርብ እንሰብስባቸው" አለ፤ "ደግሞ ማን ሊመጣ ለኛ?"
በመጀመሪያው አርብ ዘጠኝ ልጅ፣ ምንጣፍ ላይ ጉልበት ለጉልበት፤
ፊደሉን በካርቶን ጻፈው፣ የሞተር ዘይት የመጣበት።
ሲጽፈው ግን አንድ ፊደል፣ ጰን፣ ዘሎት አልፎ ኖሯል፤
ዓመት ሙሉ ያለ ጰ ልጆቻችን አንብበዋል።
ጳጉሜ መጥታ፣ ነጂማ የወሩን ስም ልትጽፍ ተነስታ
ካርቶኑ ላይ ብትፈልግ፣ ብትፈልግ፣ አጣችው። ሳቅን።
መካሻ አልሳቀም። ማታ ብቻውን መጥቶ በቀይ ጻፈው ከሥር፣
ከሁሉም ፊደል አግዝፎ፤ ዕዳ እንደሚዘጋ ነበር።

ህንዶቹ ወንበር ሲቀይሩ፣ አሮጌው ግቢ ተቆለለ።
ሚስተር ኩርየን ቢሮ ገባሁ፣ መጥረጊያዬን በር ላይ ትቼ።
"ለምንሽ ነው?" አለ። ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ።
"እኛም የዓሣ መጋዘን ውስጥ ነው የጀመርነው፣ አሥራ አንድ ሆነን፤
ሽታው ከደብተራችን ዓመት አልወጣም።
ወንበር የሰጡን ኢራኖች ናቸው፤
እነሱም ከመርከብ ካንቲን ነው ያገኙት። ውሰጂ፤
ብቻ ሚስማሩን ምቺው፣ ልብስ ይቀዳል።"

አግዳሚው ላይ የተቀረጸ፣ ክብ ክብ፣ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ፣
የማናውቀው ልጅ ስም አለ፤
ልጆቻችን በጣት እየተከተሉት
"ይሄ የማን ሀ ነው?" ይላሉ።

ዘጠኙ ሠላሳ ሆነ፤ ሠላሳው መቶ አለፈ፤
የጎማ ቤቱ ሰውዬ "ጣራዬ ሊወርድ ነው" ብሎ ለፈለፈ፤
ተቆጣጣሪ መጣ፤ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ፤
ስምንት ወር በጸጉር ቤት፣ በሚኒባስ፣ በመኪና ማቆሚያ ጥላ አለፈ።
መካሻ የትምህርት ቤት ፈቃድ ሲያሳድድ የራሱ መኖሪያ ፈቃድ አለቀ።
ሠላሳ ኪሎ ይዞ ተሸኘ። መዝገቡን እጄ ላይ አኖረ፤
"ያልከፈለም ቢሆን ስሙን እንዳትሰርዢ" አለኝ።

ያኔ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የመጀመሪያ መጽሐፌ እሱ ነው፤
በስተግራ የልጆች ስም፣ በስተቀኝ
አምስት ድርሃም፣ አምስት ድርሃም፣ ባዶ፣ አምስት ድርሃም።

አሁን በር አለን። ደወል አለን። አውቶቡሱ ቢጫ ነው።
የምጠርገው የኛን ነው፤ ደሞዝ ስቀበል ስሜን ነው የምጽፈው።
ነጂማ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ስትቆጣ በአረብኛ ነው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ወንበር ገባ። አሮጌው ግቢ ተቆለለ።
ዋስዋ የሚባል ኡጋንዳዊ፣ የማዶው ፎቅ ዘበኛ፣ በሩ ላይ ቆመ፣
ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ።
"ለምንህ ነው?" ልለው ነበር፤ አፌን መለስኩት።
"ሚስማሩን ምታው፣ ልብስ ይቀዳል" ብቻ አልኩት።

አሥራ ሦስቱን ጫንለት። አንዱን አስቀረሁ፤ ስስት በሉት፤
ከሐረጉ ጎን፣ በልጅ እጅ፣ በሚስማር የተቆፈረ፣
ከሁሉም የገዘፈ፣ አንድ ጰ አለበት።